ከበሮ የሌለበት ሸክላ

አሥራ ሁለት ዓመት ድምፃቸው ጠፍቶ፣
ኅዳር መግቢያ ላይ፣ ዝናብና በረዶ ባንድ ላይ መጥቶ፣
ታምፔሬ ከተማ፣ ከታይስቶ ሱቅ ደጅ
ተሰለፍን በጧት፤ የሠላሳ ዓመት የጆሮ ወዳጅ።

ኡርፖ በያጁ መጣ፣ የባንዱን ስም አንገቱ ላይ የተነቀሰ፣
ሚስቱ ጥላው የሄደች ለት በነሱ ዘፈን ያለቀሰ።
ሲርካ መጣች፣ የጥርስ ሐኪሟ፣
ከነነጭ ጋውኗ፤ ታካሚ ትታ ከነሕመሟ።
ወንድማማቾቹ ቬይኮና ታውኖ
መጡ ባንድ ጃንጥላ፣ የአንዱ ትከሻ ርሶ፣ የሌላው ድኖ።
እኔም ትራሜን ሳልረከብ፣ ከእንቅልፌ ሁለት ሰዓት ሰርቄ፣
ቆምኩ ከመሃላቸው፣ አንገቴን በሻርፕ አንቄ።

«የሌሊት ፈረቃ» ይባላሉ፤ አራት የጨርቅ ፋብሪካ ልጆች፣
የማሽን ጩኸት ሲያደነቁራቸው አድሮ፣ ጩኸቱን ዜማ ያደረጉ እጆች።
ከበሮ መቺው ካሌርቮ ነበር።
እሱ ሲመታ የቢራ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል በራሱ፤
ልብ የሚባለው ሥጋም ፍጥነት ይማራል ከሱ።
አምና ሞተ። ሳንባው ነው አሉ።
ቀብሩ ላይ ጊታር አልተሰማም፤ ጓደኞቹ ዝም ብለው ዋሉ።

ታይስቶ መርፌውን ቀስ አድርጎ አሳረፈ።
ጊታሩ መጣ፣ እንደ እንግዳ በጣቱ ጫፍ በር እያንኳኳ፤
የራውኖ ድምፅ መጣ፣ ዝጎ፣ ቀጥኖ፤
ጠበቅን።
ከበሮው አልመጣም። ሸክላው ተገለበጠ፤
በዚያኛውም ገጽ አልነበረም ለካ።

ከዚያ በኋላማ ሱቁ ገበያ ሆነ።
«ይሄ እሽሩሩ ነው! ገንዘቤን መልስ!» ኡርፖ በገነ፤
«ማስተኛ ብፈልግ ያኔውኑ ልጅ በወለድኩ!»
«ዝም በል ኡርፖ» አለች ሲርካ፣ ኩሏ ጋውኗ ላይ እየወረደ፣
«ሠላሳ ዓመት ስጨፍር ኖሬ፣ ዛሬ ገና ቃሉን አዳመጥኩ።»
ቬይኮ «ሸጡን» አለ፤ ታውኖ «ለማን? ማን ይገዛል ይህን ኀዘን?»
ቬይኮ «አርጅተዋል» አለ፤ ታውኖ «እኛስ? ጉልበት ከዳን፣ መነጽር ያዝን።»
ጃንጥላው ጥግ ቀረ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለቱም ረጠቡ፤
ባንድ ዘፈን ተጣልተው፣ በሁለት ጎዳና ቤታቸው ገቡ።

አንድ ልጅ ነበረ፣ ኒሎ የሚባል፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣
የድሮውን አንድም ያልሰማ፤ ከዝናብ ሊጠለል ነው መግባቱ።
«ቆንጆ ነው» አለ። ሁላችንም ዞረን አየነው፣
ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳፏጨ ሰው።

እኔ ምንም አላልኩም፤ ከፍዬ ብብቴ ሥር ሸጎጥኩት።
እውነቱን ለመናገር፣ ያን ሳምንት ጠላሁት።
በጨለማ ደረጃ ስትወርዱ፣ አለ ያላችሁት እርከን ሲጠፋ
ሆድ ቀድሞ እንደሚወድቅ፣
እንደዚያ ነበር፣ ምቱ በየቦታው ሲጠፋ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በመጨረሻው ዙር፣ ከሄርቫንታ ስመለስ፣
ትራሙ ባዶ፣ መስኮቱ ላብ፣ ሐዲዱ በረዶ ሲልስ፣
አራተኛው ዘፈን በሆዴ ይዞራል፣ ራውኖ ዝም የሚልበት፤
አየሁት አውራ ጣቴን፣
እጀታው ላይ ይመታል፣ ካሌርቮ ይመታ በነበረበት።
ማንም አላዘዘው።
ሸክላ የሚገዛ፣ መታ መታ አድርጎ አይደል ስንጥቁን የሚለየው?
ባዶውን ትተው የሸጡልን፣ ምናልባት፣ እኛው እንድንመታው።
ምናልባት። አላውቅም።

ከሆስፒታሉ ጣቢያ አንድ ሰው ገባ፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ፤
ኡርፖ ነው፤ ጆሮው ላይ ሽቦ፣ ዓይኑ እመስታወቱ ላይ፣ የትም ልቡ።
ገንዘቡን ታይስቶ መልሶለታል፤ ሸክላውን ከማን ተዋሰ?
ባለ ብረት ጫማው ወለሉን
ዱም። ዱም ዱም። ዱም።
መብራቱ ቀይ ሆነ፤ ደወል አልነካሁም፣ ምቱን እንዳላፈርስ።

ሊወርድ ሲል መስኮቴን አንኳኳ።
«አሁንም አልወደድኩትም» አለ። «ስሚ፤ አልወደድኩትም።»
«አውቃለሁ» አልኩት። በሩ ተዘጋ።
በከፊል እውነቱን ነው፤ ሦስተኛው ዘፈን በጣም ይረዝማል።
የወንድማማቾቹም ጃንጥላ፣
ዛሬም ከታይስቶ ሱቅ ጥግ፣ ደርቆ ቆሟል።